በሽተኛው ብዙ፣ ገዢው ጥቂት፦ ከኮሶ እስከ ካላዛር

በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ ቴምፕል ሰፈር አካባቢ ያለ ፋርማሲ ከባንኮኒው ጀርባ የሚደረድረው መድኃኒት ዓይነቱ ብዙ ቢመስልም ሽያጩ ያረፈው በጥቂት በሽታዎች ላይ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ አስም። ከባድነታቸው ብቻ አይደለም አንድ የሚያደርጋቸው። ታማሚው በየወሩ ይመለሳል፤ ሂሳቡንም አብዛኛውን ጊዜ የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ወይም መንግሥት ይጋራዋል። በዚሁ ከተማ የተቋቋመው ሬስቨርሎጂክስ የተባለ ኩባንያ ልባቸውን ድንገት አሟቸው የተረፉ የስኳር ሕሙማንን ከሁለተኛ አደጋ ይጠብቃል ያለውን አፓቤታሎን የተሰኘ ኪኒን በ2,425 ሰዎች ላይ ሞክሮ፣ በ2019 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ውጤቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ሳይሞላ ቀረ። መድኃኒት ሲሞከር መክሸፉ የተለመደ ነው፤ ይልቅስ ልብ የሚባለው ያን ያህል ሰው ለዓመታት የሚከታተል ሙከራ ገንዘብ ማግኘቱ ነው። የመድኃኒት ኩባንያ ለባለሀብት የሚያቀርበው ሰነድ በበሽተኛ ቁጥር ይጀምራል፤ በሽተኛው ከበዛ ገበያው ሰፊ ነው ይላል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ታሪክ ግን ይህን ስሌት ከመቶ ሰባ ዓመት ወዲህ ደጋግሞ አፍርሶታል። በሽተኛ ሞልቶ ገበያ የጠፋበት፣ በሽተኛ ጥቂት ሆኖ ገበያ የደራበት፣ አንዱ መድኃኒት ለታመመው ሰው ሳይሆን ለተደፈነ ቧንቧ ሲባል ዋጋ ያገኘበት ታሪክ ነው።

ከኮሶ እንጀምር። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት ደጋ የከብት ኮሶ ትል የማያውቀው ቤት አልነበረም፤ ድሃውም ባለጸጋውም፣ ገበሬውም መኳንንቱም እኩል ይታመምበት ነበር። መድኃኒቱ እዚያው ደጋ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። ቀላ ያለው የሴቴው ዛፍ አበባ ተለቅሞ ይደርቅና በእስር በእስሩ ገበያ ይወጣል። ቤት ገብቶ ይወቀጣል፣ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆድ አፍንጫ ተይዞ ይጨለጣል። ከዚያ በኋላ ትሉ እስኪወጣ ድረስ እህል አይቀመስም፣ እንግዳም አይገባም። የውጭ ተጓዦች ሰዉ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ እንደነበር ጽፈዋል። ምሬቱ በቋንቋችን እስከ ዛሬ የቀረው አለምክንያት አይደለም። ኮሶ ያልተስማማው እንቆቆ ወይም መተሬ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ሰፊ ፍጆታ ነው፤ ይሁን እንጂ የዛሬው የገበያ ጥናት ጸሐፊ ‹‹ገበያ›› ብሎ የሚመዘግበው አይሆንም ነበር። አበባው በአሞሌና በእህል ይለወጣል፣ ከጎረቤት ደጅም ይቆረጣል፤ ዋጋውን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ባለቤት የለውም።

ገበያ የሆነው ባሕር ሲሻገር ነው። ጄምስ ብሩስ ዛፉን አይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በ1820ዎቹ ደግሞ ኢስታንቡል ይኖር የነበረ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የአበባውን ፈዋሽነት ጻፈበት፤ ለተወሰነ ጊዜም የዛፉ ሳይንሳዊ ስም በእሱ ስም ብራዬራ ተባለ። በ1850 ገደማ ጥቂት ኮሶ ለንደን ደርሶ ለአንድ አውንስ 35 ሽልንግ ተጠየቀበት። በደጋው ለማኝም የማያጣውን አበባ አንድ የእንግሊዝ የቀን ሠራተኛ የብዙ ቀን ደሞዙን ከፍሎ ነበር ሊገዛው የሚችለው። በዚያ ዋጋ ገዢ ሳያገኝ ቀርቶ ቆይቶ ረከሰ፤ ከምፅዋ በዓደንና በቦምቤይ በኩል እየተጫነ መምጣቱ ግን አልቆመም። በ1860ዎቹ የብሪታንያ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገባ፤ የጀርመን ኬሚስቶችም ከአበባው ኮሲን ያሉትን ንጥረ ነገር ነጠሉ። በዚያን ጊዜ የኮሶ ትል ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ብዛት ትሉ ካለባቸው እንግሊዞች ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ዋጋው የወጣው ግን በለንደን ነው። በሽተኛው ካለበት ሳይሆን ከፋዩ ካለበት ቦታ ዋጋ ይወጣል የሚለውን ነገር እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ እናየዋለን፤ ከደጋው ሰብሳቢም ሆነ ከምፅዋ ነጋዴ እጅ ከዚያ ዋጋ የቀረው እጅግ ትንሽ መሆኑን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ኮሶን ከገበያ ያስወጣው ምን ነበር ከተባለ፣ ሐቀኛው መልስ የተሻለ መድኃኒት መምጣቱ ነው። ኮሶ መጠኑ ካለፈ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል፣ ዓይን ላይም አደጋ አለው። የአበባው ጥንካሬም ከዛፍ ዛፍ፣ ከትኩሱ እስከ ሰነበተው ይለያያል። ስለዚህ የባዕድ ኩባንያ አገር በቀሉን ገፍቶ ጣለው የሚል ቀላል ክስ እዚህ አይሠራም። በ1960ዎቹ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ኒክሎሳማይድ የተባለውን ውሁድ ዮሜሳን በሚል ስም ኪኒን አድርጎ አወጣው። አራት ኪኒን አኝኮ መዋጥ ነው፤ ጾም የለ፣ ቤት ዘግቶ መዋል የለ። ማንም ኢትዮጵያዊ ይህን ጠልቶ ወደ ኮሶ አይመለስም። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ያው ባየር፣ ያንኑ ውሁድ፣ ባይሉሳይድ በሚል ሌላ ስም የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ለመግደል ይሸጠው ነበር። አንድ ሞለኪውል በአንድ እጁ ኮሶን፣ በሌላው እጁ ደግሞ ወዲያው የምናነሣውን እንዶድን ተጋጠመ። ኮሶን ሲያሸንፍ በጥራቱ ነበር። ከእንዶድ ጋር ያደረገው ግጥሚያ ግን እንዲህ ንጹሕ አልነበረም።

አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ወንዞች ዳር ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠና ያየው ነገር በየትኛውም የኢትዮጵያ ወንዝ ዳር ሊታይ የሚችል ነበር። ሴቶች የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው፣ አረፋውን እያወጡ ነጠላና ጋቢ ያጥባሉ። አረፋው ወርዶ በሚያልፍበት ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል፤ ከልብስ አጣቢዎቹ በላይ ባለው ውሃ ግን በሕይወት አሉ። ስንት ትውልድ ያጠበበትን አረፋ ሳይንስ ያየው ያን ዕለት ነው ማለት ይቻላል። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ከሰው ወደ ሰው ለመሄድ በቀንድ አውጣው ገላ ማለፍ ግድ ስለሚለው፣ ቀንድ አውጣው ሲሞት ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አክሊሉ ከሁለት ዓመት በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ተቋሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው ሙከራ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ካሉት ሕፃናት መካከል በሽታው የያዛቸው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። መድኃኒቱ በየጓሮው ይበቅላል፣ ማዘጋጀቱን ማንም ባልቴት ታውቃለች፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። የኢትዮጵያ ገበሬ በሽታ፣ ኢትዮጵያዊ መፍትሔ፣ የተለካ ውጤት። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ለዓመታት ቆመ።

ለምን ቆመ ለሚለው ሁለት መልስ ይሰጣል። አንደኛው የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች የነበራቸው ጥርጣሬ ነው፤ የእንዶድ ዝርያ ከዝርያ ይለያያል፣ ዓሣ ይገድላል፣ መርዛማነቱ በታወቀ ደረጃ በላቦራቶሪ አልተለካም። ይህ ባዶ ሰበብ ነው ብሎ ማጣጣል አይገባም፤ ኮሶም የተሸነፈው ጥንካሬው ወጥ ባለመሆኑ ነበርና። ችግሩ ያን ልኬት የሚያሠራው ማን ነው የሚለው ነው። የባየር ምርት ሲሆን ኩባንያው ራሱ ከሽያጩ አስቦ ያስለካዋል። እንዶድን የሚያስለካ ግን የለም፤ ምክንያቱም ሁሉም በጓሮው የሚተክለውን ነገር ሸጦ ወጪውን የሚያስመልስ ነጋዴ አይገኝም። አክሊሉ ራሱ በየስብሰባው ይህን ሲናገር ኖሯል፤ በድሃ አገር ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት ደግሞ በሀብታም አገር ካልተደገመ እንደማይታመን ያማርር ነበር። መጨረሻ ላይ ገንዘቡ የመጣው ከካናዳ ነበር። የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ኦታዋ በሚገኘው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ የመርዛማነቱን ጥናት ደገፈ። በ1989 አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ እስከዚያ ድረስ ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ወጥቶ የቀንድ አውጣ ዘመቻ ከፋሽን ወጥቶ ነበር። በነገራችን ላይ ፕራዚኳንቴል የመነጨው ለእንስሳት የትል መድኃኒት ሲፈለግ ነው፤ የገበሬው ቢልሃርዝያ የተሻለ ኪኒን ያገኘው የአውሮፓ ከብትና ውሻ ገዢ ስለነበረው ነው ማለት ነው።

ከዚያም በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ የሚያስተዛዝበው ክፍል መጣ። በ1988 በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ ባለው የሴንት ክሌር ሐይቅ፣ ከባሕር ማዶ በመርከብ ውሃ የገባ ዜብራ የተሰኘ ባለቅርፊት ፍጥረት ተገኘ። ይህ ፍጥረት በታላላቅ ሐይቆች ተራብቶ የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውሃ ቧንቧ ይደፍን ጀመር። ዛሬ አልበርታ ውስጥ ጀልባ የሚጎትት ሁሉ ክፍት ፍተሻ ጣቢያ ሲያገኝ እንዲቆም የሚገደደው ይኸው ቅርፊት ወደ ምዕራብ እንዳይሻገር ነው። አክሊሉ በ1990 የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲን የክብር ዶክትሬት ሊቀበል ኦሃዮ ሄዶ የዚህን ችግር ወሬ ሰማ፤ እንዶድም ተሞክሮ ቅርፊቱን እንደሚገድል ታየ። ዩኒቨርሲቲው በ1990ዎቹ ፓተንት አወጣበት። አድዋ ላይ ለሕፃናት ሆድ ሲሆን ብዙ ዓመት የተጠበቀው ነገር ኦሃዮ ላይ ለቧንቧ ሲሆን በጥቂት ዓመት የባለቤትነት ወረቀት አገኘ። ነገሩን ‹‹ስርቆት›› ብለው የጠሩት አሉ፤ አክሊሉ ራሱ ከተመራማሪዎቹ አንዱ ስለነበር ቃሉ ለእኔ በልኩ አይመጣም። ከስርቆት ይልቅ ገበያው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ የሚያጋልጥ ድርጊት ነው። ቧንቧው የታክስ ከፋይ ከተማ አለው፤ አድዋ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ልጅ ግን የለውም። የምርቱ ሽያጭ ግን ፓተንቱን ያወጡት ያሰቡትን ያህል አልሰመረም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ገበያ ባይኖር ኖሮ ኒክሎሳማይድም ፕራዚኳንቴልም አይኖሩም ነበር፤ ትርፍ የሌለበት አገር ምን መድኃኒት ፈጠረ? ተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው፤ ሙሉ እንዳልሆነ ለማየት ካናዳን ራሷን ማየት ይበቃል። የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ጥር 11 ቀን 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን የስኳር ታማሚ ልጅ ኢንሱሊን ወጉት፤ ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ ፓተንቱን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ሸጡለት። ኢንሱሊኑን በብዛት ለማምረት የአሜሪካው ኢላይ ሊሊ ኩባንያ መግባቱ አስፈልጎ ነበር፤ ይህ አይካድም። ግኝቱ ግን የመጣው የትርፍ ተስፋ ቀድሞት አልነበረም። ከዚያ ዓመት ቀጥሎ፣ በ1923፣ የካናዳ ሕግ መንግሥት አንድን መድኃኒት ሌላ ኩባንያም እንዲያመርተው ለመፍቀድ የሚያስችል አንቀጽ አስገባ፤ በ1969 ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ጥሬ ዕቃም ጨመረ። ያንኑ መድኃኒት የሚያመርተው ሌላው (ጄኔሪክ) አምራች ለፓተንቱ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሽያጩን 4 በመቶ ይከፍል ነበር። በ1985 የወጣው የኢስትማን ኮሚሽን ሪፖርት በ1983 ብቻ ሸማቾች 211 ሚሊዮን ዶላር እንደቆጠቡ፣ ኢንዱስትሪውም እንዳልተጎዳ አሰላ። መንግሥት በ1987 ሕጉን አላላው፤ በ1993 ሰረዘው። ስለዚህ ካልጋሪ ያለ ሰው የሚከፍለው ዋጋ በኦታዋ ፓርላማ የተሠራ ነው፤ ከሰማይ የወረደ የገበያ ሕግ የለም። ገዢ ሲደራጅ ዋጋ ይታዘዛል፤ ገዢ ሲበተን ዋጋ ያዛል።

ታዲያ ኢትዮጵያም ተደራጅታ ለምን አታደርገውም የሚል ይኖራል። አድርጋለች፤ በኤች አይ ቪ ላይ። በ2000 አንድ ታማሚ ለአንድ ዓመት የሚወስደው የሦስት መድኃኒት ጥምር ከ10,000 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። በየካቲት 2001 የሕንዱ ሲፕላ ኩባንያ በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ግሎባል ፈንድና የአሜሪካው ፔፕፋር ገንዘብ ይዘው ሲገቡ ኢትዮጵያ በ2005 መድኃኒቱን በነጻ ማደል ጀመረች። ካናዳም በ2004 ድሃ አገሮች ከካናዳ ፋብሪካ ጄኔሪክ እንዲገዙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ በሕጉ የተጠቀመችው ሩዋንዳ ብቻ ናት፣ እሷም በ2008 እና በ2009 ከአፖቴክስ በደረሷት ሁለት ጭነቶች። ሁለቱ ታሪኮች የሚለያዩት ገዢ በማግኘትና ባለማግኘት ነው። አንደኛው ለዓመታት የሚከፍል ገዢ አገኘ፤ ሌላኛው ፈቃድ እንጂ ገዢ አልተዘጋጀለትም። ሆኖም የኤች አይ ቪን ታሪክ ለሁሉም በሽታ ማርከሻ አድርጎ መያዝ ያሳስታል። በኒው ዮርክና በፓሪስ የታመሙ፣ ድምፃቸው የሚሰማ ሰዎች ነበሩ፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሠራው ለእነሱ ነበር። ለኢትዮጵያ የቀረው ሥራ ያለውን ማርከስ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ታማሚ የሌለው በሽታ ግን የሚረክስ መድኃኒትም የለውም።

እንዲህ ያለው በሽታ ካላዛር ነው። ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የሚነከሰው በአሸዋ ዝንብ ነው። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ካልታከመ ይገድላል። በሊቦ ከምከም ወረዳ ከ2003 እስከ 2005 በተነሣው ወረርሽኝ ላይ በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር፤ የደጋ ሰው ካላዛር ይይዘዋል ብሎ የጠረጠረ ስላልነበረ። መድኃኒቱ ከ1920ዎቹ ወዲህ የሚታወቀው የአንቲሞኒ ዝርያ ነው፤ መርፌው ያማል፣ ልብንና ቆሽትን ይጎዳል። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው ሕክምና ከዚሁ መርፌ ጋር ፓሮሞማይሲንን አጣምሮ ለ17 ቀን በየቀኑ ሁለት መርፌ የሚወጋበት ነው። ፓሮሞማይሲን ራሱ የ1950ዎቹ ግኝት ሆኖ ገዢ አጥቶ አሥርት ዓመታት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መድኃኒት ነው። ኤች አይ ቪም ካላዛርም ላለበት ሰው የሚሰጠው ጥምር መድኃኒት ደግሞ በጎንደርና በአብደራፊ ተጠንቶ በ2022 የዓለም መመሪያ ሆነ። የጎንደር ሐኪሞች ያለ ገበያ የሠሩትን ሥራ ለማየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

የካላዛር ኪኒን የሆነው ሚልቴፎሲን ጀርመን ውስጥ ለካንሰር ሲዘጋጅ ቆይቶ በ2002 ሕንድ ውስጥ ለካላዛር የተመዘገበ ነው። ለአሜሪካ ገበያ ያስፈቀደው ግን ሞንትሪያል የሚገኘው ናይት ቴራፒዩቲክስ ነው፤ በመጋቢት 2014። አሜሪካ በ2007 ባወጣችው ሕግ፣ ለተረሳ በሽታ መድኃኒት ያስፈቀደ ኩባንያ ሌላ መድኃኒት በፍጥነት የሚያስመረምርበት ቫውቸር ይሰጠዋል፤ ቫውቸሩም ይሸጣል። ናይት በኅዳር 2014 ቫውቸሩን ለጊሊያድ ኩባንያ በ125 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ሕጉን የሚደግፉ ሰዎች ይህ ገበያ የሌለውን በሽታ ገበያ ሰጠው ይላሉ፤ ነገሩ ብልሃት እንደሆነ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን የተሸጠውን እንመልከት። ገንዘቡ የተከፈለው ቀድሞ ለተሠራ፣ ሕንድ ውስጥ ለ12 ዓመት ሲሰጥ ለኖረ መድኃኒት ነው። ካላዛር አሜሪካ ውስጥ እምብዛም የለም። መተማ ላለው ታማሚ ኪኒኑን በምን ዋጋ አድርሱ የሚል ግዴታም ቫውቸሩ ውስጥ አልነበረም። ሕጉ ሽልማቱን ያሰረው ከፈቃዱ ጋር ነው፤ ከታማሚው ጋር ቢያስረው ኖሮ ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር።

ስለዚህ የበሽተኛን ቁጥር ገበያ ለማድረግ የሚበጀው ነገር በየዘመኑ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል፤ አስቀድሞ ‹‹ይህን ያህል፣ በዚህ ዋጋ፣ ለዚህ ያህል ዓመት እገዛለሁ›› የሚል አካል ነው። ኢንሹራንስ ይሁን፣ መንግሥት ይሁን፣ ዓለም አቀፍ ፈንድ ይሁን። ኢትዮጵያ ውስጥ ስኳርና ደም ግፊት እየበዙ በመሆናቸው ገበያው በራሱ ይመጣል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ደም ግፊት ያለበት የወሎ ገበሬ በየወሩ ኪኒን የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ ከሌለው እሱም እንደ ኮሶ ዘመን ታማሚ ተቆጥሮ ዋጋ በማያወጣ ሰው መዝገብ ውስጥ ይቀራል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ይህን ክፍተት መሙላት ጀምሯል፤ የሚከፍለው መዋጮ ግን አዲስ መድኃኒት የሚያሠራ ሳይሆን የረከሰውን የሚገዛ ነው። የካላዛር አዲስ ኪኒን ለመሆን የታጨው፣ ኖቫርቲስና ዲኤንዲአይ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አብረው የሚያዘጋጁት ኤልኤክስኢ408፣ በኢትዮጵያም ታማሚዎች ላይ ሙከራው ተጀምሯል። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በሽታውን ለማጥፋት የሚመሩበት የጋራ ማዕቀፍ በ2024 ናይሮቢ ላይ ይፋ ሆኗል። ሙከራው ከተሳካ ኪኒኑን በጋራ ለመግዛት የሚያስተሳስር ውል ኢትዮጵያ፣ ሱዳን፣ ኬንያና ኡጋንዳ ከአሁኑ መፈራረም ይችላሉ፤ ኪኒኑ ከወጣ በኋላ ዋጋ መለመን ከጀመሩ ግን የሚደራደሩት እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ይሆናል።